በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ፣ በበረዶ ወራት

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ሲሆን፣ ለእረፍት ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ከዘጌው አጎታችን ጋር ከሁሉ አብልጦ የሚያወጋው ስለ አደን ነው። ሰሞኑን ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ እየበላን፣ በበረዶ ወራት ስለሚያድነው አጋዘን ያጫወተንን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወድጃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በሚተኮስ ጠመንጃ ማደን ከሌላው አደን ሁሉ ይልቅ ለእንስሳው ክብር እንደሚሰጥ ያመንኩት ያን ዕለት ነው።

በፔንሲልቬንያ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ አደን የተለየ ወቅት ተመድቧል። ዘመናዊ ጠመንጃ የሚፈቀድበት ዋናው ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ከፈረንጆች ገና ማግስት አንሥቶ እስከ ጥር ድረስ፣ አዳኙ በባልጩት ብልጭታ የሚተኮስና በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ወደ ጫካ ይገባል።

አጎራረሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የተለካው ባሩድ በአፈሙዙ ይጨመራል፤ ቀጥሎ ድቡልቡል የእርሳስ አረር ስብ በተቀባ ቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባና፣ ባሩዱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በረጅም ዘንግ ይገፋል። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ ጠመንጃው ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ወንድሜ ዘንጉ ላይ ባደረገው ምልክት ጥልቀቱን ሳያረጋግጥ አንድ እርምጃ አይራመድም። በመጨረሻም ከጎን ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ብረት ላይ ደቃቅ ባሩድ ይነሰነሳል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ብረት ይመታል፤ ብልጭታው ደቃቁን ባሩድ ያቀጣጥለዋል፤ እሳቱም በጠባብ ቀዳዳ ዘልቆ ውስጥ ያለውን ያነሣዋል። ይህ ሁሉ በቅጽበት የሚያልቅ ቢሆንም ሰው የሚያስተውለው መዘግየት ስላለው፣ ተኳሹ ምላጩን ከሳበ በኋላም ዒላማውን ሳይለቅ ረግቶ መቆየት አለበት።

አጎታችን ይህን ካዳመጡ በኋላ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ባሩዱን እርጥበት ከነካው ምን ይውጥሃል?» ሲሉ ጠየቁት። «ጋሼ፣ ጭንቁ እንዳሉት እሱ ነው» አላቸው። ደረቅ በረዶ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቀልጦ የሚንጠባጠበው ነው። ስለዚህ የመተኮሻውን ክፍል ስብ በጠገበ ቆዳ ይሸፍነዋል። ማታ ሲመለስም ደቃቁን ባሩድ አራግፎ ጠመንጃውን በተቆለፈ ቀዝቃዛ ስፍራ ያሳድረዋል እንጂ ወደ ሞቀው ቤት አያስገባውም፤ የቀዘቀዘ ብረት ሙቀት ሲያገኝ ያልበዋልና ውስጡ ያለው ባሩድ ይርሳል።

ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ሰናድር እንኳ፣ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረው ኤንፊልድ ከኋላው እንዲጎርስ ተለውጦ የተሠራ ነው።

ወንድሜ ከ50 ሜትር በላይ ርቆ አይተኩስም። ከተኮሰ በኋላ ነጭ ጭስ ዓይኑን ስለሚጋርደው፣ አረሩ ማረፍ አለማረፉን የሚያውቀው በበረዶው ላይ በሚያየው ዱካና ደም ነው። ዳግመኛ ለመጉረስም ጊዜ ይፈጅበታል። አጎታችን በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እኛ ዘንድ ምንሽር የያዘ ሰው ድኩላ ባየ ቁጥር አምስቱንም ጥይት ያርከፈክፈው ነበር፤ ቆስሎ ጫካ ውስጥ የቀረውን ማን ቆጠረው?» አሉ። የእኔም ሐሳብ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ጥይት የተረፈው ሰው በሩቁ ይሞክራል፤ አንድ ብቻ የጎረሰ ግን እስኪቀርብ ይታገሣል፣ ካልቀረበም ይተዋል። በእርግጥ በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቁጥቋጦው እየሳሳ በሄደው በጣና ዳርቻም ማንም ድኩላ ላይ እንዲያነጣጥር አልመኝም።

ሁለቱ ያልተስማሙበት ነገር ግን አለ። የዚያ አገር ወንድ አጋዘን እንደ ድኩላችን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን አይዝም፤ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይጥለዋል። ጥር ላይ ቀንድ የሌለው አጋዘን ያየ አዳኝ ወንድ ይሁን ሴት በቀላሉ አይለይም፤ የሚሳረሩትም በአብዛኛው በኅዳር አካባቢ ስለሆነ ሴቶቹ በዚያን ጊዜ እርጉዞች ናቸው። አጎታችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ «እርጉዝ አይገደልም» ብለው ቁርጥ አደረጉት። ወንድሜ ተኩላ ከዚያ ምድር ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑን፣ ሴቶቹ ካልታደኑ መንጋው በዝቶ የደኑን ቡቃያ እንደሚጨርሰው፣ መንግሥትም ስንት እንዲታደን በየዓመቱ እንደሚወስን አስረዳቸው። ማስረጃው ትክክል ነው፤ እኔም አልክደውም። ሆኖም እኔ በዚህ ነገር ከአጎታችን ጋር ነኝ፤ ወንድሜም ቢሆን ሲጠይቁት፣ የፈረንጆች ገና ካለፈ በኋላ ቀንድ ያላየበትን አጋዘን እንደማይተኩስ ነገራቸው።