ያለፈ ቴስት ዝም ይበል

400 ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም) አልፎ 3000 መስመር የሚያራግፍ ፕሮጀክት ላይ አንዱ ቢወድቅ መልእክቱን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ያለፈ ቴስት ምንም አይጻፍ፤ የወደቀው ምክንያቱን ሙሉ ይናገር።

የፓይተን ቴስቶችን የሚያስኬደው ፓይቴስት በፕሪንት ወደ ስክሪን የወጣውን ይዞ የሚያሳየው ለወደቀው ቴስት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያበላሸው ለዲባግ ተብሎ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ የተረሳ፣ መያዙን የሚያጠፋው የዳሽ ኤስ (-s) አማራጭ ነው። ከፓይተን ጋር የሚመጣው የመፈተሻ መሣሪያ ዩኒትቴስት ግን ሳይነገረው አይዝም፤ ዳሽ ቢ (-b) ይፈልጋል።

ዋናው ራስ ምታት ሆን ብሎ ስህተት የሚያስነሳ ቴስት ነው። የተበላሸ ፋይል ይሰጠዋል፣ ፕሮግራሙ «ፋይሉ አይነበብም» ብሎ ሎግ ያደርጋል (መልእክት ይመዘግባል)፣ ቴስቱም ያልፋል፤ መልእክቱ ግን ስክሪኑ ላይ ይቀራል። አዲስ ሰው ይደነግጣል። የለመደው ደግሞ እውነተኛውንም ስህተት አይቶ ያልፋል፤ ይሄኛው ይብሳል። ሎጉን በጅምላ መዝጋት ግን መፍትሔ አይደለም፣ የሚፈተነው ነገር ራሱ እሱ ነውና። በዩኒትቴስት ስህተቱን የሚያስነሳውን ጥሪ አሰርት ሎግስ (assertLogs) ብሎክ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፦ መልእክቱን ይይዛል፣ ካልመጣም ቴስቱን ይጥላል። ከዚያ የተያዘው መልእክት የፋይሉን ስም መያዙን መፈተሽ ነው። በጃቫስክሪፕቱ የመፈተሻ መሣሪያ ጄስት፣ ስህተት የሚጽፈውን ኮንሶል ኤረርን በስፓይ (ጥሪዎችን በሚመዘግብ ምትክ) ተክቶ አንድ ጊዜ ብቻ መጠራቱን ማረጋገጥ ይቻላል። ከቴስቱ በኋላ ስፓዩ ተነስቶ ዋናው ካልተመለሰ በዚያው ፋይል ያሉት ቀጣይ ቴስቶች የሚጽፉትን ስህተት ይውጣል።

ዋርኒንግም (ቴስቱን የማይጥል ማስጠንቀቂያ) ሲጠራቀም አይነበብም። ፓይቴስት ላይ ሁሉንም ወደ ኤረር መቀየርና ከሌላ ሰው ላይብረሪ የሚመጣውን፣ እኛ የማናስተካክለውን፣ በመልእክቱና በሞጁሉ ለይቶ ማለፍ ይሻላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ከሚገጥሙት ማጣሪያዎች የሚሠራው የመጨረሻው ስለሆነ «ኤረር» ከላይ፣ ልዩነቶቹ ከሥር ይጻፋሉ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ልዩነቶቹ እንዳልተጻፉ ይቆጠራሉ።

የወደቀው ቴስት መልእክትስ? እውነት ወይም ሐሰት ብቻ በሚያየው አሰርት ትሩ (assertTrue) ሁለት ዝርዝር ያወዳደረ ሰው የሚያገኘው «ፎልስ ትሩ አይደለም» የሚል ነው፤ ምንም አይነግርም። አሰርት ኢኩዋል (assertEqual) ቢሆን የተለያየውን ቦታ ለይቶ ያሳያል።

ውጤቱን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) መስመር ወደሚፈልገው ትእዛዝ ግሬፕ ልኮ ማሳጠር የሚወድ ካለ ይጠንቀቅ። ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ባሽ የሚመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ የመውጫ ኮድ ነው (0 ማለት ተሳክቷል)፤ ግሬፕ የፈለገውን መስመር ካገኘ 0 ይመልሳል፣ ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬደው ሲአይም የወደቀውን ቴስት አረንጓዴ ያደርገዋል። ስክሪፕቱ አናት ላይ ፓይፕፌል (pipefail) የተባለውን፣ ከትእዛዞቹ አንዱ ቢወድቅ ውድቀቱን የሚያሳውቀውን አማራጭ ማብራት ግድ ነው።