የዓርብ ስኳር

ዶክተሩ አሁን ትልቅ ቦታ ስለደረሱ ስማቸውን አልጠራም። ጥናቱ የነፍሰ ጡሮች ስኳር ላይ ነበር። ከ24 እስከ 28 ሳምንት የደረሱትን ጠዋት በባዶ ሆዳቸው እንቀዳለን፣ 75 ግራም ግሉኮስ በጥብጠን እናጠጣለን፣ ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግመን እንቀዳለን። ደሙ ከሜክሲኮ ለገሃር አካባቢ ወዳለው ላብራቶሪ በሞተር ይሄዳል።

ውጤቱ ዝቅ አለ፣ በተለይ የባዶ ሆዱ። ስኳር አለባት የሚባልበት መስመር በዴሲሊትር 92 ሚሊግራም ሆኖ ሳለ የእኛ እናቶች 84፣ 86፣ 88 ላይ ተኮልኩለው ቀሩ። ዶክተሩ ደስ አላቸው። ጤፍ ነው፣ ጾም ነው እያሉ ለኮንፈረንስ የሚላከውን አብስትራክት ጀመሩ።

የዓርቡ ብቻ አስቸገራቸው፤ ዓርብ ዓርብ ስኳሩ ከፍ ይላል። እሱንም ስብሰባ ላይ ፈቱት።

«ዓርብ የጾም ቀን ነው። እንጀራና ሽሮ ብቻ ስለሚበላ ካርቦሃይድሬቱ ይበዛል።»

«ረቡዕስ?» አልኩ።

«ረቡዕ ምን ሆነ?»

«ረቡዕም ጾም ነው እኮ፣ ዶክተር። የረቡዕ እናቶች ግን ከማክሰኞዎቹ አይለዩም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሲስተር፣ አንቺ መቅዳቱ ላይ አተኩሪ። ትንተናው የእኛ ነው።»

መልሱ የመጣልኝ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ ዓርብ ጠዋት በባዶ ሆዷ የመጣች ሴት የዓርብን ሽሮ መች በላችና! ሁሌም እንዲህ ነኝ፤ ጥሩው መልስ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ነው የሚደርሰኝ።

በዚያው ሰሞን ውጤቷ 89 የወጣ አንዲት እናት ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ሲስተርዬ፣ ስኳር ከሌለብኝ የፊተኛው ልጄ እንዴት አራት ኪሎ ተኩል ሆኖ ተወለደ?» አለችኝ። ትልቅ ልጅ ሁሉ የስኳር ልጅ ነው ማለት አይደለም። ግን የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፣ ኢንሱሊኗ አያልፍም፤ ጽንሱ የመጣለትን ስኳር በራሱ ኢንሱሊን እያስተናገደ ይወፍራል። ዓርብ እንድትመለስ ቀጠርኳት። 97 ወጣ።

ወጥቼ ሞተረኛውን ያዝኩት። ዓርብን ከሌላው ቀን ምን ይለየዋል?

«ዓርብማ አምስት ተኩል ላይ ለምሳ ይወጣሉ። ስለዚህ የጠዋቱን እንደተቀዳ አደርሰዋለሁ፣ ለቀረው እመለሳለሁ። ሌላ ቀን የመጨረሻዋ እናት እስክትጨርስ ጠብቄ አንዴ ነው የምሄደው። የሚሰጡኝ ነዳጅ የአንድ ምልልስ ነው።»

የተቀዳ ደም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሴሎቹ ቱቦው ውስጥም ስኳር ይበላሉ፤ ምንም ካልተጨመረበትና ሴሎቹን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጅ፣ ካልገባ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 ከመቶ ይወርዳል። ግራጫ ክዳኑ ቱቦ ሴሎቹን ስኳር ከመብላት የሚያግድ ፍሎራይድ አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው፤ ግን በደንብ እስኪይዝ አንድ ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ለዚህ ነው በረዶ ውስጥ ይቀመጥ የሚባለው። የእኛ አይስ ቦክስ በረዶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በረዶ ነበር።

በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስላይድ ይዘው መጡ። «ባደረግሁት ክትትል» ይላል። በፈረንጆቹ 2008 ስለታተመው፣ ሃፖ ስለሚባለው የነፍሰ ጡሮች ስኳር ጥናትም አስረዱን፤ በ9 አገሮች ከ25,000 በላይ እናቶች ተመርምረው፣ ስኳሩ በጨመረ ቁጥር የልጁም ክብደት አብሮ እንደሚጨምር፣ እዚህ ላይ ያበቃል የሚባል ቁርጥ ያለ ድንበር እንዳልተገኘ፣ ስለዚህ ጥቂት ሚሊግራም እንኳ ቀላል ነገር እንዳልሆነ። ጥሩ አስረዱ። ሞተረኛው ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ሞተሩን ይጠብቃል።

ነጻ ናችሁ ተብለው የሄዱትን እናቶች ስልክ እየደወልን ጠራን። አንዳንዶቹ ወልደው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደሙ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንዲሄድ ተወሰነ። ፋይናንስ ግን የሁለተኛው ምልልስ ነዳጅ ፕሮፖዛሉ ላይ የለም ብሎ አልከፍልም አለ። ዶክተሩ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። አብስትራክቱንም ሳይልኩት ቀሩ። የነዳጁን ደረሰኝ እንድሰበስብና እንዳወራርድ ግን እኔ ታዘዝኩ። ትንተናው የእነሱ፣ ቤንዚኑ የእኔ ሆነ።