የቢዮ አዋሌ ሴቶች ሳጥን

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ እህል እሸጣለሁ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ትንሽ ስንዴ። የሰፈራችን እቁብ ዳኛም ነኝ። አቦ፣ ዕጣው ሳይደርሰው ሲቀር የሚያኮርፈው ሰው ብዛቱ!

ከከተማው ወጣ ካለው ገጠር፣ በቢዮ አዋሌ በኩል የሚመጡት ደንበኞቼ ግን እቁብ አይጥሉም። ሳጥን አላቸው። ሃያ ሴቶች ናቸው። ሳጥኑ በሦስት ቁልፍ ይዘጋል። ቁልፎቹ ሦስት ሴቶች ጋ ናቸው፤ ሳጥኑ ደግሞ አራተኛዋ ቤት ያድራል። ብሩ የሚቆጠረው ሁሉም ተቀምጠው እያዩ ነው። በአንድ ስብሰባ አንዷ ከአንድ እስከ አምስት የቁጠባ ድርሻ ትገዛለች። ማንበብ የማትችለዋም ራሷ እንድትቆጥረው፣ ለእያንዳንዱ ድርሻ ደብተሯ ላይ ማህተም ይመታል። ዓመቱ ሲያልቅ ብሩን ተካፍለው እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

እንዲህ ያለው የሳጥን ቁጠባ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1991 ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ የሚባል አካባቢ ነው። ያስጀመረው ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት ነው። እኛ አገር ከሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ብዙ ገጠር ገብቷል።

ከእቁብ የሚሻልበት ነገር አለ። እቁብ ላይ ልጅሽ ብትታመም ተራ ለምነሽ ነው የምትወስጂው። እነሱ ግን በዚያው ስብሰባ ይበደራሉ። ለሐዘንና ለሕመም ለብቻ የሚያዋጧትም ትንሽ ብር አለች።

ጣጣው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያለፈው ማሽላ አልቋል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ያኔ ሃያዎቹም በአንድ ቀን ብድር ይጠይቃሉ። ሳጥኑ ከየት ያመጣል? ከተማ ውስጥ የአንዱ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሌላው ይሞቃል፤ ገጠር ዝናብ ከቀረ ለሁሉም ነው የሚቀረው። ስለ ቁጠባ ማህበራት ሲወራ ይቺ ነገር ስትዘለል ያናድደኛል።

«ታዲያ ክፍፍሉን ሰኔ ላይ ለምን አታደርጉትም?» አልኳት አንዷን፣ ጠና ያለችውን።

«ከክፍፍሉ በፊት ብድር ሁሉ መመለስ አለበት። ሰኔ ላይ በምን እንመልስ፣ እህቴ?»

እውነቷን ነው። ብር የሚገኘው እህል ሲሰበሰብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወለድ ሀራም ነው ብለው አይቀበሉም። የተበደረችው ያንኑ ትመልሳለች። ስለዚህ ሳጥኑ በብድር አያድግም፤ ንግድ ያስፈልገዋል። የመረጡት ንግድ የእኔው ሆነ! አዝመራው ገብቶ ማሽላ ሲረክስ በሳጥኑ ብር ይገዛሉ። እንደ ሐረርጌ ልማድ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡታል። ክረምት ላይ አውጥተው ለአባሎቻቸው ከገበያ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ትርፉ ሳጥን ይገባል። ብድር ፈላጊውም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም አብዛኛዋ ትበደር የነበረው እህል ለመግዛት ነው።

ጉድጓዱ ውኃ ከገባው ወይም ነቀዝ ካገኘው የሁሉም ብር አብሮ ይሄዳል። ይህን ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁብኝ። «አንቺ ደንበኛ እንዳይቀርብሽ ነው» አሉኝ።

ወላሂ፣ እሱም አለበት። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ከእኔ የወሰዱት ዘይትና ስኳር ብቻ ነው።