አሞሌ ፍለጋ የጁቤ

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስንነሳ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። ረዳቱ ግን መንገድ ላይ እጁን ያነሳውን ሁሉ ጫነ። እኔም የማላውቀው ሰው ዶሮ ጭኔ ላይ አርፎ የጁቤ ገባን። ህዳር ነው። የጁቤ ያለችበት የባሶ ሊበን ወረዳ መቼም የጤፍ አገር ነው፤ ግራ ቀኙ ቢጫ።

የሄድኩት ግን ለድሮው የባሶ ገበያ ስል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም ስሙ የገነነ ገበያ እዚህ ነበር። ምክንያቱ አባይ ነው። ከአባይ ማዶ ከደቡብ ምዕራቡ እናርያ የሚመለስ ሲራራ ነጋዴ ወንዙን ተሻግሮ ሲወጣ የሚያገኘው ትልቅ ገበያ ይኸው ነው። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ በቀንድ የተሞላ ዝባድ ያመጣል። ከሰሜን የወረደው ደግሞ ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጨው ይዞ ይጠብቀዋል። አሞሌ ያኔ ገንዘብ ነው። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ አባይን ተሻግሮ መሄድ ራሱ ትርፍ ነበር።

ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ባሶ ሲወራ ወርቁና ቡናው ይነሳና ይቺ ትዘለላለች፤ ደስ አይለኝም። ከአባይ ማዶ የተፈነገሉ ልጆች እዚህ ቆመው ዋጋ ተቆርጦባቸዋል። ሂሳቡም በአሞሌና በማርትሬዛ ብር ነበር።

በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ተሸንፈው ተማረኩ። ጎጃሜ ይህን ጦርነት ሲያነሳ የሚቆጨው የንጉሡ መማረክ ነው። ለባሶ ግን የባሰው ሌላ ነው፤ የደቡቡ ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። በ1909 ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ነጋዴው ቡና ጭኖ የአባይን ገደል የሚወጣበት ምክንያት አልቀረለትም።

የዛሬው ገበያ ደህና ነው። ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ የፕላስቲክ ጫማ። የድሮውን የሚያሳይ አንድ ድንጋይ እንኳ አላገኘሁም። ቢቸግረኝ ጨው ወደምትሸጥ አንዲት ባልቴት ጠጋ አልኩ።

«እናቴ፣ አሞሌ ይኖራል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ስንት ከብት አለህ ልጄ?»

«ኧረ ከብት የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»