የሲያትል ጣሪያና ሞስ፦ እኔ ያጸዳሁበት መንገድ

አገር ቤት ቆርቆሮ የሚያስጨንቀው በዝገቱ ነው፤ እዚህ ሲያትል ሺንግሉን (ጣሪያ የሚከደንበትን ተደራራቢ የአስፋልት ንጣፍ) የሚያስረጀው ሞስ፣ እርጥበት ላይ የሚበቅል አጭር አረንጓዴ ተክል፣ ነው። አረንጓዴው ምንጣፍ የሚወፍረው በሰሜኑ ፊት ነው። ዲሴምበር ላይ እኩለ ቀን እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ 19 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለምትል፣ 26 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ የሰሜን ጣሪያ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ጨረር አያገኝም። ዝናቡም የሚበረታው ያኔ ነው።

ሞስ ሥር የለውም፤ ሺንግሉን አይበሳም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ በሺንግሎቹ መደራረቢያ ይገባና ጠርዛቸውን ያነሳል። ነፋስ የሚገፋው ዝናብ በዚያ ይሰርጋል።

የጀመርኩት ኦገስት ላይ ነው፤ ሞሱ ሲደርቅ በቀላሉ ይለቃል፣ ጣሪያውም አያንሸራትትም። መሰላሉ 4 ሜትር ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ አናቱም ከጣሪያው ጠርዝ 90 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። ላይ ለሚወጣ ሰው የደህንነት ቀበቶና ገመድ ግድ ነው። ወፍራሙን ጉብታ በፕላስቲክ ስፓቱላ ከጎን ገፋ ገፋ አድርጌ አላቀቅኩ፤ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ። ወደ ላይ ከተቦረሸ ሺንግሉ ይነሳና ሙጫው ይለቃል። የሽቦ ብሩሽ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ላይ ሞክሬ ተውኩት፤ አሸንዳው ውስጥ ጥቁር አሸዋ ተጠራቀመ። ያ አሸዋ ሺንግሉን ከፀሐይ የሚከላከለው ልባሱ ነው፤ አንዴ ከረገፈ አይመለስም። በፕሬዠር ዋሸር (ውሃ በኃይል በሚረጭ ማሽን) የሚያጥቡትም ይህንኑ ልባስ ነው የሚያራግፉት፤ ጣሪያው ሲያብረቀርቅ ዕድሜው ተቀንሷል።

ኦክቶበር ላይ፣ ሞሱ እርጥበት ሲያገኝና ለ2 ቀን ዝናብ በማይጠበቅበት ጊዜ፣ ቅሪቱን በፖታሲየም ሳሙና የተሠራ የሞስ ማጥፊያ ረጨሁት፤ መጠኑ ዕቃው ላይ እንደተጻፈው። የዚንክ ዱቄትም ይሠራል፤ ግን ከአሸንዳው ወጥቶ በዝናብ ማፋሰሻ ሐይቅና ባሕር ሲገባ ለሳልሞን ዓሣ መርዝ ነው። የጣሪያው አናት ላይ የሚመታው የዚንክ ላሜራም ያንኑ ዚንክ በየዝናቡ ስለሚያወርድ አላስመታሁትም። በረኪና ደግሞ ከታች ያለውን ጎመንና አበባ ያቃጥላል።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የጠቀመኝ መጋዝ ነው፤ ያጠላውን ቅርንጫፍ ከጣሪያው 2 ሜትር ያህል አራቅኩት። ሌላው ሥራ በዓመት ሁለቴ፣ ቅጠል ከረገፈ በኋላና በጸደይ፣ የተጠራቀመውን የጥድ ቅጠል መጥረግና አሸንዳውን መክፈት ነው። የተረጨው ሞስ ቡናማ ሆኖ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሞቷልና አትፋቁት፣ ዝናቡ ራሱ ያወርደዋል።