ኬሚስትሪን ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ማስተርስ በአንድ ትንፋሽ

እንግሊዝ አገር «ኤምኬም» የሚባል ዲግሪ አለ። አንዴ ተመዝግባችሁ ኬሚስትሪን በ4 ዓመት እስከ ማስተርስ የምትጨርሱበት ነው። ስኮትላንድ ከሆነ 5 ዓመት ይፈጃል፤ እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪው ራሱ 4 ዓመት ነውና። እኔ የተማርኩት ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ነው። ከጨረስኩ ወዲህ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት የሚሯሯጡ ወላጆች በስልክም ከቅዳሴ በኋላም ይጠይቁኛል። «አንድ ዓመት ይተርፋል አሉ፣ እውነት ነው?»

አይተርፍም። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ 3 ዓመት ነው፤ ማስተርስ ለብቻው ሲወሰድ ደግሞ 1 ዓመት። ደምሩት። ከጊዜ የሚተርፈው ቢበዛ ጥቂት ወር ነው። እኔን ያዋጣኝ ሌላ ነገር ነው፤ አንደኛ ገንዘቡ፣ ሁለተኛ የመጨረሻው ዓመት ላብራቶሪ።

ገንዘቡን ላስቀድም። ስሙ ማስተርስ ይሁን እንጂ፣ ለመንግሥት የተማሪ ብድር ሲሆን 4ቱም ዓመት እንደ መጀመሪያ ዲግሪ ነው የሚቆጠረው። የትምህርት ክፍያው (በኔ ጊዜ በዓመት 9,250 ፓውንድ ነበር) በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይገባል። ለኪራይና ለቀለብ ደግሞ ሌላ ብድር አለ። ማስተርስን ለብቻው ስትማሩ ግን የሚሰጣችሁ አንድ ድምር ነው። ክፍያውም ኪራዩም የአውቶቡሱም ከሱ ነው። ለሳይንስ ማስተርስ ብዙ ጊዜ ክፍያው ብቻውን ጠራርጎ ይወስደዋል። አመላለሱም ይለያያል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብድር ደሞዛችሁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ ካለፈው ላይ 9 በመቶ ይቆረጣል። የማስተርሱ ብድር በዚያ ላይ ሌላ 6 በመቶ ይጨምራል። እናቴ ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ የማታ ፈረቃ ነው የምትሠራው። በኛ ቤት ነገሩን የቆረጠው ይሄ ሂሳብ ነው።

ብድሩ ለሁሉም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቋሚ የመኖሪያ መብትና ከትምህርቱ በፊት 3 ዓመት አገሩ ውስጥ መኖር ይጠይቃል። የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ ሰው የ3 ዓመቱ ነገር አይመለከተውም። ይህን የማያውቁ ብዙ ልጆች አሉ። «ገና መጣሁ፣ አይሰጡኝም» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ፎርሙን ስሞላ እናቴ ሌላ ጭንቀት ነበራት። «ኬሚስትሪ ተምረሽ ፋርማሲ ነው የምትከፍቺው?» አይ እማዬ፣ ፋርማሲ ሌላ ነው አልኳት። «ታዲያ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ያኔ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ሳሙናውም፣ ቀለሙም፣ የስልክሽ ባትሪም፣ የደም ግፊት ኪኒንሽም ኬሚስት ያልነካው የለም ብዬ አለፍኩት። ኪኒኑ አሳመናት።

ምዝገባ ላይ አንድ ምክር አለኝ። የምታመነቱም ብትሆኑ ከመጀመሪያው ለ4 ዓመቱ ተመዝገቡ። ከ4ቱ ወደ 3ቱ ዓመት መውረድ ቀላል ነው፤ አንድ ፎርም ሞልታችሁ ለብድር ሰጪው ታሳውቃላችሁ። ወደ ላይ መውጣት ግን ውጤት ይጠየቅበታል፣ ቦታም ሊሞላ ይችላል። ተመዝግባችሁም ቢሆን አትተኙም። በብዙ ቦታ በ2ኛው ዓመት መጨረሻ አማካያችሁ 55 ወይም 60 ካልደረሰ ወደ 3 ዓመቱ ያወርዷችኋል። ስለዚህ ማስተርሱን የሚወስነው 4ኛው ዓመት ሳይሆን 2ኛው ነው። 2ኛ ዓመት ላይ ተማሪ ሁሉ ቤት ተከራይቶ፣ ጓደኛ አፍርቶ፣ ትንሽ የሚዘናጋበት ጊዜ ነው።

ስለ ውጤት ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ 70 ማለት አንደኛ ደረጃ ነው። አዲስ አበባ 90 አምጥታ «አስሩ የት ሄደ?» እየተባለች ያደገች ልጅ ይሄን ለመልመድ ጊዜ ይፈጅባታል። የመጀመሪያው የላብ ሪፖርቴ 68 ሲመጣ ለእናቴ አልነገርኳትም። የክፍል ጓደኛዬ ግን 64 አምጥታ ስትዘል አየኋትና ሥርዓቱ ገባኝ።

አገር ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ፔሪዮዲክ ቴብልን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር። ፈሳሽ የሚመጠንበትን ፒፔት በእጄ የያዝኩት ግን ለንደን ከመጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ቲዎሪ ላይ ከክፍሉ እቀድማለሁ፣ ላብ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል እንደዚህ ነው። እጅ ግን ይለምዳል፤ አእምሮ ከሚለምደው በፍጥነት ይለምዳል። የረዳኝ ከላብ በፊት ባለው ማታ አሠራሩን በራሴ አማርኛ መጻፍ ነው። ምን ከምን ይቀላቀላል፣ ለምን ይሞቃል፣ መቼ ይቀዘቅዛል፣ ምን መልክ ሲይዝ ነው የሚቆመው። «ለምን» የሚለውን መመለስ ካቃተኝ ጠዋት የላብ ረዳቶቹን እጠይቃለሁ። እነሱ የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው። ቢደክማቸውም ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሸምድዶ መወጣት አይቻልም። ሪአክሽኑ (የኬሚካል ለውጡ) ብዙ ነው። እኔ የያዝኩት መንገድ ባዶ ወረቀት ላይ የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ በቀስት መሳል፣ መቅደድ፣ እንደገና መሳል ነው። ኤሌክትሮን የበዛበት ቦታ የትኛው ነው? ያነሰበትስ? ይህን ከመለሳችሁ ቀስቱ ራሱ ይሄዳል። ኳንተም ሜካኒክስ ላይ ግን ያዳነኝ ሒሳብ ነው። ሳጥን ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን ጉልበቱ ለምን ደረጃ ደረጃ እንደሚሆን በቃላት ሲያስረዱኝ አልገባኝም፤ ቀመሩን እስከ መጨረሻው ራሴ ስሠራው ገባኝ። ኬሚስትሪ የሚመርጡ ልጆች ሒሳብን የሚሸሹበት ነገር ይገርመኛል። ሒሳብን ሸሽቶ ኬሚስትሪ መግባት ዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው።

3ኛው ዓመት ኮርስ በኮርስ ነው፣ ብዙ የምለው የለኝም። ዋናው ሥራ በስተመጨረሻው የሚመጣው ነው፤ ለ4ኛው ዓመት ሱፐርቫይዘር (ምርምሩን የሚመራ መምህር) መምረጥ። ብዙዎቹ በስሙ የገነነውን ፕሮፌሰር ይመርጣሉ። እኔ የሄድኩት ከየቡድኑ የፒኤችዲ ተማሪዎች ጋር ሻይ ልጠጣ ነው። ሱፐርቫይዘሩን በሳምንት ስንቴ ታገኙታላችሁ? ሪአክሽን ሲበላሽ ምን ይላል? ስንት ሰዓት ወደ ቤት ትሄዳላችሁ? መልሱ ላይ ዓይናቸውን አያለሁ። በዚህ መንገድ የመረጥኳት ሴት ብዙም ዝነኛ አልነበረችም፤ ግን በሯ ክፍት ነበር። በስሜ ብቻ ጥሪኝ ማለቷ ግን ከበደኝ። እኛም በስም ነው የምንጠራው፣ ግን «ዶክተር» ሳይቀድም ከአፋችን አይወጣም። ኢሜይሉን ያለ ስም በ«ሰላም» ብቻ ስጀምር ከረምኩ።

4ኛው ዓመት ሌላ ዓለም ነው። አብዛኛው ጊዜ የምርምር ነው። በኦክስፎርድ 4ኛው ዓመት እንዳለ ምርምር ነው፤ ማርጋሬት ታቸርም እዚያ ኬሚስትሪ ስትማር ያን ዓመት ያሳለፈችው በዶሮቲ ሆጅኪን ሥር፣ ግራሚሲዲን ኤስ በሚባል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ላይ የኤክስሬይ ጥናት ስትሠራ ነው። ሆጅኪን በ1964 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወስዳለች። ታቸር የት እንደደረሰች ታውቃላችሁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር። ለእናቶች የምነግረው ምሳሌ ይሄ ነው፤ ፋርማሲውን ያስረሳል።

የኔ ሥራ ብርሃን የሚያመነጩ ሞለኪውሎች መሥራት ነበር። ሁለት የቤንዚን (የመኪናው ሳይሆን ስድስት ካርቦን ክብ የሠራበት) ቀለበቶችን ፓላዲየም በሚባል ብረት አማካይነት ማገናኘት ነው፤ ሱዙኪ ይባላል፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ኖቤል ካገኙት ሦስት ሰዎች በአንዱ ስም። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንዱ ቀለበት ብሮሚን ይዟል፣ ሌላው ቦሮኒክ አሲድ (ቦሮን ያለበት ጫፍ)፤ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ጨምረህ ታሞቃለህ። እኔ ጋ ግን የሚወጣው ሌላ ነበር። ቦሮኒክ አሲዱ ከባልንጀራው ጋር መጋጠሙን ትቶ ከራሱ ጋር ይጋጠማል። ሳምንታት አለፉ። ሙቀቱን ቀየርኩ፣ ቤዙን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ናሙናዬን የሞለኪውልን አሠራር በመስመሮች በሚያሳየው ኤን.ኤም.አር. መሣሪያ ሳየው በግልጽ የሚታየኝ 7.26 ላይ ያለው የክሎሮፎርም መስመር ብቻ የሚሆንበት ቀን ነበር። ክሎሮፎርሙ ደግሞ ማሟሚያው ነው፣ የኔ ሥራ አይደለም።

ጥፋተኛው ኦክስጅን ነበር። አየር ሲገባ ፓላዲየሙ ቦሮኒክ አሲዱን እርስ በርሱ ያጋጥመዋል። ማሟሚያው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በደንብ አልወጣም ነበር። ናይትሮጅኑን ረዘም ላለ ጊዜ አረፋ እያስነሳሁ በውስጡ ማሳለፍ ስጀምር ነገሩ ተስተካከለ። ማታ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብልቃጡ ሰማያዊ ሲያበራ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። «ጎሽ! ይሸጣል?» ብላ መለሰችልኝ።

ሦስት ዓመት የተማርኳቸው የላብ ሥራዎች ሁሉ እንደሚሠሩ ተረጋግጦ የተሰጡ ናቸው። ባይሳካልህ ጥፋቱ የእጅህ ነው። በ4ኛው ዓመት ግን መልሱን ሱፐርቫይዘሯም አታውቀውም። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የጠየቁኝ ስለዚህ ነው፤ የሱዙኪን ቀመር ማንም አልጠየቀኝም። አልሠራ ሲልሽ በምን ቅደም ተከተል ፈተሽሽ? ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ምን ጻፍሽ? ያን ደብተር በየዕለቱ፣ የከሸፈውንም ጭምር፣ በቀኑ መጻፍ ነው። ቴሲስ ስጽፍ ግማሹ ሥራ አልቆ አገኘሁት።

የማይመቹ ነገሮችም አሉት። በአብዛኛው የሚሰጠው ወረቀት አንድ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፣ የመጀመሪያው ግን የለኝም። ይህን ለአዲስ አበባው አጎቴ ማስረዳት ከሱዙኪ ይብሳል። ወደ አውሮፓ ለመሄድ ለምታስቡ ደግሞ፣ ይህ ዲግሪ በአውሮፓ አቆጣጠር 240 ክሬዲት ነው። በዋናው አውሮፓ የተለመደው 3 እና 2 ዓመት ሲደመር 300 ነው። ለፒኤችዲ ስታመለክቱ ዩኒቨርሲቲው ይቀበለው እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ ግን በቀጥታ ፒኤችዲ ያስገባል። ሌላው፣ አንዴ ማስተርስ ከያዛችሁ በኋላ ለሌላ ማስተርስ የመንግሥት ብድር የለም። ሙያ ልቀይር ይሆናል የሚል ሰው 3ቱን ጨርሶ ቢወጣ ይሻለዋል።

አገር ቤት ሆነው ለሚጠይቁኝ ግን ይህን መንገድ አልመክርም። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ብዙ እጥፍ ነው፣ ለ4 ዓመት የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ደግሞ እምብዛም አይገኝም። የመጀመሪያ ዲግሪን እዚያው ጨርሶ ለማስተርስ መውጣት ይሻላል። ቼቭኒንግ የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ፤ የ1 ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፣ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ኢራስመስ ሙንደስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ደግሞ የሥራ ልምድን እንደዚያ ግዴታ አያደርግም፣ በኬሚስትሪና በማቴሪያል ሳይንስ ዙሪያም ፕሮግራሞች አሉት። የብዙዎቹ የኢራስመስ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ክረምት፣ ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ነው። ትራንስክሪፕት ለማስወጣት ምን ያህል እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ፤ መስከረም ላይ ጀምሩ።