ከገና ማግስት ያለው ሳምንት

ዴንቨር፣ ኅዳር

ኅዳር ሲገባ የስኪ፣ በበረዶ ላይ የመንሸራተት፣ ወሬ ይነሳል፤ ሲነሳም ከጃኬት ነው የሚጀምረው። ቀለሙ፣ ዋጋው፣ ማን የት በቅናሽ እንዳገኘው። ለእኔ ጃኬት የመጨረሻው ጉዳይ ነው፤ ከጓደኛ ተውሶም ይለበሳል። ጉዞ የሚበላሸው በቀኑና በቡቱ፣ በስኪ ጫማው፣ ነው። ስለዚህ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ወዳለው የስኪ ቦታ፣ ወደ ዊንተር ፓርክ፣ ለምናደርገው የዘንድሮ ጉዞ መጀመሪያ የማሰፍረው እነሱን ነው።

በቀኑ በኩል እኛ ሐበሾች ዕድለኞች ነን። ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመት ተራራው ጢም ይላል፤ ማደሪያ ይወደዳል፤ ቀኑ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር፣ ሊፍቱ፣ ስር ተሰልፎ ያልፋል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ግን እንግዳው ወደ ሥራው፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ያለበት ቅዳሜና እሑድ እስኪመጣ ድረስ ያሉት የሥራ ቀናት ጸጥ ያሉ ናቸው። ጾሙም ተፈትቷል፤ ተራራ ላይ የሚሸጠው በርገርና ቺሊ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ ብርዱ ነው፤ ጠዋት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን ማንም አይገረምም። ብርድ የሚፈራ ማርችን ይምረጥ። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ደስ ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን በረዶው ይቀልጥና ይከብዳል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ጠዋት መስተዋት ሆኖ ይጠብቃል። ደግሞም ሁዳዴ ነው።

ትኬት ከዕለቱ መስኮት መግዛት ከሁሉም ይወደዳል፤ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ነው። ለጀማሪ ግን ተራራውን ሁሉ የሚከፍት ትኬት ብክነት ነው። ትምህርቱን፣ የዕቃ ኪራዩንና የታችኛዎቹን ሊፍቶች አንድ ላይ የያዘውን ጥቅል መጠየቅ ይበቃል። የልጆች ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ ማደሪያ ከመያዙ በፊት እሱ ይያዝ።

መንገዱ ከዴንቨር 108 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ኢንተርስቴት 70ን ይዞ ኤምፓየር ላይ ይታጠፍና 3,446 ሜትር ከፍታ ያለውን የበርተድ መተላለፊያ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ መሻገር ነው። ኢንተርስቴት 70 ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ፤ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ መኪናው በአራቱም ጎማ የማይነዳ ከሆነ ደግሞ የጎማ ሰንሰለት ይያዝ። የበጋ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ቱቦው ውስጥ ይረጋና መስታወቱ በጭቃ ሲሸፈን ነው የሚታወቀው፤ ከመነሳት በፊት ይቀየር። ቅዳሜ ጠዋት ሲወጣና እሑድ ከሰዓት ሲመለስ ያለው የመኪና መጨናነቅ ግን ጎማ የማይፈታው ችግር ነው።

እኔ ባቡሩን እመርጣለሁ። በበረዶው ወቅት በተወሰኑ ቀናት ከዴንቨሩ ባቡር ጣቢያ፣ ከዩኒየን ስቴሽን፣ ተነስቶ በ1928 የተከፈተውን፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሞፋት ዋሻ አልፎ ሊፍቱ አጠገብ ያራግፋል። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ መርሐ ግብሩ አስቀድሞ ይታይ። መኪና የሌለው ሰው ከተማው ውስጥ በነጻ አውቶቡስ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ወደ ቡቱ። የመንገድ ጫማ ቁጥር ይረሳ፤ የስኪ ቡት የሚለካው በእግር ርዝመት፣ በሴንቲሜትር ነው። ተረከዝን ግድግዳ አስነክቶ እስከ ረጅሙ ጣት መለካት ነው፤ 26.5 ከመጣ ቡቱ 26.5 ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ሲጠብበው አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ ጫፉን መንካት አለባቸው፤ ጉልበቱን አጥፎ ቅልጥሙን ወደፊት ሲያስደግፍ ይለቃሉ። ተረከዙ ከተነሳ ቡቱ ሰፍቷል፤ የሰፋ ቡት ቅልጥም ይልጣል፣ የጣት ጥፍር ያጠቁራል፣ ስኪው እግርን እንዳይሰማ ያደርጋል። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ስስ፣ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ። ሁለት ካልሲ ደም ስለሚያፍን ያበርዳል እንጂ አያሞቅም። የውስጥ ሱሪው ጫፍ ቡት ውስጥ ከገባም እጥፋቱ ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል።

ከቡቱ ቀጥሎ የሚሞላው ወረቀት ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና የችሎታ ደረጃ ይጠይቃል። ሠራተኛው ቡቱን ገልብጦ ተረከዙ አካባቢ የተቀረጸውን የሶል ርዝመት በሚሊሜትር ያነባል፤ 305 ሊል ይችላል። ከዚያ ሰንጠረዡን አይቶ ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያገናኘውን ማሰሪያ ከፊትም ከኋላም በመፍቻ ያዞራል፤ በትንሿ መስኮት ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ያ ቁጥር ማሰሪያው በምን ያህል ጉልበት ሲጠመዘዝ እግርን እንደሚለቅ ይወስናል። ስለዚህ እዚህ ወረቀት ላይ ይሉኝታ የለም። ኪሎውን የቀነሰ ሰው ቁጥሩ ስለሚያንስ ሳይወድቅ ስኪው ይወልቅበታል። ችሎታውን ያጋነነ ወይም ከሃምሳ ያለፈ ዕድሜውን የደበቀ ደግሞ ሲወድቅ ማሰሪያው አይለቅለትም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ጉልበቱ ነው። በቡድን ሲኬድ ቡት መቀያየርም ልማድ ነው። ቡት ከተቀየረ ስኪው ተመልሶ ሱቅ ገብቶ ይስተካከል።

ኪራይ ላይ የቁልቁለቱን ስኪ ከአገር አቋራጩ ጋር ማምታታትም አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የተወዳደረው በአገር አቋራጩ ነው፤ ስኪው ቀጭን፣ ተረከዙም ልቅ ነው። ጀማሪ ለቁልቁለት የሚፈልገው አገጩ ድረስ የሚደርስ፣ ተረከዝን የሚይዝ ስኪ ነው።

ልብስ ላይ አጭር ልሁን። ጥጥ አይለበስ፤ ጂንስማ ጭራሽ። ሻርፕና ነጠላ ሊፍት ላይ ሊጠመዱ ስለሚችሉ አንገት ላይ የሚጠለቅ ጨርቅ ይሻላል። ከፍ ብሎ የታሰረ ጸጉር ሄልሜት አያስገባም፤ ሹሩባው ወደ ታች፣ ማጅራት ላይ ይታሰር። ጠቆር ያለ ቆዳም በበረዶ ነጸብራቅ ይቃጠላል፤ የፀሐይ ክሬም አፍንጫ ስርና አገጭ ስርም ይቀባ።

ከፍታውን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይንቀዋል። የሪዞርቱ ግርጌ 2,743 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ይበልጣል፤ ጫፉ 3,676 ሜትር ነው፣ እንጦጦን ያስንቃል። ዴንቨር ዓመታት የኖረ ሰውነት የድሮውን ከፍታ ረስቶታል። ከባሕር ጠለል የሚመጣ እንግዳ ካለ አንድ ሌሊት ዴንቨር ይደር። ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው፤ ውሃና ዕረፍት፣ የመጀመሪያው ማታ መጠጥ የለም። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አካሄድ ከተንገዳገደ ግን ወዲያው ወደ ታች መውረድና ሐኪም ነው። እግረ መንገዴን፦ እዚያ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስሩ ይቆያል፤ ከቤት አብስሎ መውሰድ ይሻላል። እንጀራው ሌሊት መኪና ውስጥ ከተረሳ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

የመጀመሪያው ጠዋት ለአስተማሪው ይሰጥ፤ ባል ሚስቱን፣ ወንድም እህቱን አያስተምር፤ ጠብ ነው ትርፉ። መጀመሪያ የሚለመደው የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ኋላቸውን በመክፈት መቆም ነው። ስኪው አልገባ ካለ ቡቱ ስር የተጋገረ በረዶ አለ፤ ፍቆ እንደገና መርገጥ ነው። የወደቀ ሰው ስኪዎቹን ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን በጎን አግድም አድርጎ ነው የሚነሳው፤ አለዚያ ሳይቆም መንሸራተት ይጀምራል። ከሊፍት ሲወረድ ጫፉን ቀና አድርጎ፣ ምልክቱ ላይ ቆሞ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ፤ እዚያው ቆሞ ጓደኛ መጠበቅ የለም፣ የሚቀጥለው ወንበር ከኋላ ነው። የቀላል መንገድ መለያ ከሆነው አረንጓዴ ክብ ምልክት ካለበት መንገድ አለመውጣት። ሜሪ ጄን የሚባለው ወገን ቁልቁልና ጉብታ የበዛበት ስለሆነ ጀማሪ ይዞ እዚያ በር መኪና ማቆም አይገባም።

በሐበሻ ሰዓት 9 ሲሆን ቡት ይወልቃል። ጭኑ የዛለ ሰው «አንድ የመጨረሻ ልውረድ» ሲል የሚያገኘው የጠነከረ በረዶና ጥላ የዋጠው መንገድ ነው።